ጋቢው ቤት፣ ሹፌሩ በረዶ ውስጥ

ጃንዋሪ 3 ቀን 2022 ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የቨርጂንያው ሴናተር ቲም ኬን ከሪችመንድ ተነስተው ወደ ዋሽንግተን መንዳት ጀመሩ። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። የደረሱት ከ27 ሰዓት በኋላ ነበር። አይ-95 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ በረዶ ወርዶ፣ ከባድ መኪኖች ተንሸራተው መንገዱን ዘግተው፣ 80 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ላይ ሰው መኪናው ውስጥ አደረ። ከፍሎሪዳ የሚመለስ አንድ ቤተሰብ በየመኪናው እየዞረ ብርቱካን አደለ፤ ሴናተሩም ደረሳቸው። ሌላ ቦታ ላይ የዳቦ ጭነት መኪና ተከፍቶ ለተራበው ተከፋፈለ።

ያ መንገድ ለአበሻ ሹፌር ባዕድ አይደለም። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖረው በዋሽንግተን ዙሪያ ነው። ታክሲ፣ ኡበር፣ ሊፍት፣ ከዚያም አልፎ ትራክ ይዞ የሚውለው ብዙ ነው። ታዲያ ከእነዚህ መኪኖች ስንቱ ከኋላ ብርድ ልብስ ጭኗል? ስንቱስ አካፋ አለው? ጋቢው ቁም ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ በስስ ጃኬት መሪ ይዟል።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። ክረምት ሲባል አገር ቤት ያደገ ሰው የሚታየው የሐምሌ ጭቃና ጎርፍ ነው። በረዶም ቢሆን ቆርቆሮ ደብድቦ ብዙም ሳይቆይ የሚቀልጥ ጠጠር ነው። ጃንዋሪ ላይ የሚወርደው ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ቶሎ አይሄድም፣ ከሥሩ መስታወት የመሰለ ግግር ያነጥፋል። አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ስም መጥራቱ ሰውን ሳያዘናጋ አልቀረም።

«በረዶ ሲጥል ቤትህ ተቀመጥ» የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ግን የደመወዝተኛ ምክር ነው። በረዶ ሲጥል የሚወጣው ሹፌር ያንሳል፣ ዋጋው ይጨምራል፤ የቤት ኪራይ የቀረበበት ሰው ስልኩ ላይ ያንን ቁጥር አይቶ ቁልፉን ያነሳል። ይህን ሰው መስበክ አይጠቅምም። ከወጣ እንዳይሞት ማድረግ ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ተቀርቅሮ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሞተር አስነስቶ ማሞቂያ መክፈት ነው። በረዶው ግን እየቆለለ የጭስ ማውጫውን ይደፍነዋል፤ ጭሱም መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ እንቅልፍ እንደሚያመጣ ድካም ሆኖ ይመጣና በዚያው ይወስዳል። ስለዚህ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ወርዶ ማርሚታው አካባቢ ያለውን በረዶ መዛቅ፣ ከዚያ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ማስነሳት፣ አንዱን መስኮት በጣት ያህል ዝቅ ማድረግ ነው። አካፋው ለዚህ ነው። ቤንዚኑም ከግማሽ በታች እንዳይወርድ የሚባለው ለዚሁ ነው፤ ሌሊቱ ረጅም ነው።

የቀረው ቀላል ነው። ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ውሃ በሚረጋበት ብርድ ሲሶ ያህሉን ያጣል፣ ስለዚህ ያረጀ ባትሪ ኖቬምበር ሳይወጣ ይለወጥ። የጎማ ንፋስም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋረንሃይት በቀነሰ ቁጥር 1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። የእጅ ባትሪ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ጓንት፣ ውሃ። ከጎማ ሥር የሚበተን አንድ ከረጢት አሸዋ። ስንቅን በተመለከተ አበሻን ማንም አያስተምረውም፦ ቆሎና በሶ የማይበላሽ፣ የማይከብድ፣ እሳት የማይፈልግ ምግብ ነው። ሱቁ ውስጥ «የአደጋ ጊዜ ምግብ» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ከዚህ አይበልጥም።

«መንገድ መጥረግ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። ነው። ቨርጂንያ በዚያ ቀን መንገዱ ላይ አስቀድማ ጨው ያልረጨችው በረዶው በዝናብ ስለጀመረና ዝናቡ ጨውን ስለሚያጥበው ነበር፤ በረዶው ሲብስ መጥረጊያ መኪኖቹ ራሳቸው ከተቆለፈው መንገድ ላይ ቆመው ቀሩ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በቡፋሎና በአካባቢዋ ከ40 በላይ ሰዎች ሲሞቱ መኪናቸው ውስጥ የተገኙ ነበሩ። የመንዳት እገዳው የታወጀው ብዙ ሰው ለሥራ ከወጣ በኋላ ነው። መንግሥትን መክሰስ ይቻላል፤ ክሱ የሚሰማው ግን በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው።

ኮሎራዶ ነገሩን በሕግ ይዛዋለች። በአይ-70 ተራራማው ክፍል የሚያልፍ የጭነት መኪና ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሰንሰለት ካልያዘ ይቀጣል፣ በረዶ ባይኖርም። የዴንቨር አበሻ የትራክ ሹፌሮች ይህን በደንብ ያውቃሉ፤ ቅጣቱ አስተምሯቸዋል። የከተማውን ሹፌር ግን የሚጠይቀው የለም፤ አሠሪው ስልክ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ጭነቱን እንጂ ጫማውን አያይም።

ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ዕድሩ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲሞት አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሳምንት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይሰበሰባል፤ የሚያስመሰግን ነው። ከዚያ ገንዘብ በጥቂቱ አካፋና ብርድ ልብስ በጅምላ ገዝቶ፣ ኖቬምበር ላይ በአንዱ እሑድ መኪና ማቆሚያው ላይ ለአዲስ ገቢ ሹፌሮች ማደል ግን እስካሁን የዕድር አጀንዳ ሲሆን ብዙም አይሰማም። ማርሚታው የትኛው እንደሆነ ጎንበስ ብሎ የሚያሳይ አንድ መካኒክ በየጉባኤው አይጠፋም።