የባቡር ጣቢያዎች ተደራሽነትና የወጪ ቅደም ተከተል

የባቡር ሐዲድ እስካሁን ጎንደር አልደረሰም፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት የኮሶዬ ነዋሪዎችም የሚጓጓዙት በመኪና ነው። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ የባቡር ጣቢያዎች የሚቀሰመው ትምህርት በየአካባቢው ለሚገነቡ መናኸሪያዎችም ይጠቅማል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን፣ ለግንባታው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወጪ ተደርጓል። ከመሬት ከፍ ብለው በተሠሩ ጣቢያዎች የተተከሉ አሳንሰሮችና ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ሥራ ሲያቆሙ ግን አካል ጉዳተኞች፣ አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ከአገልግሎቱ ይገለላሉ። የጥገና በጀት፣ መለዋወጫና ባለሙያ ያልተመደበለት አሳንሰር ከተዘጋ በር አይለይም፤ ደረጃ የሌለው መወጣጫ (ራምፕ) ግን መብራት ቢጠፋም ያገለግላል።

የቦታ መረጣም የወጪ ጉዳይ ነው። የቀድሞው የለገሃር ጣቢያ መሐል ከተማ ሲገኝ፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የፉሪ ለቡ ጣቢያ በከተማዋ ዳርቻ በመሆኑ መንገደኛው ባቡሩ ዘንድ ለመድረስ ተጨማሪ የመጓጓዣ ወጪ ይከፍላል።

የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ስለሆነም ኅብረተሰቡ በምክክር መድረኮች፣ ዲዛይኑ ከመጽደቁ በፊት፣ ሁለት ጥያቄዎችን ሊያቀርብ ይገባል፦ ከመንገዱ እስከ መሳፈሪያው ያለ ደረጃ መድረስ ይቻላል ወይ? ለጥገናስ በየዓመቱ ምን ያህል ገንዘብ ተይዟል?