ሠርቶ የዋለ ሕዝብ ምሳውን ሊነፈግ አይገባም
የከተማ ምግብ ቤቶችን ዋጋና ጥራት በተመለከተ የፓርቲያችን አቋም



ምርጫ ሲመጣ ስለ ሕግ የበላይነት፣ ስለ መሬት ፖሊሲና ስለ ፕሬስ ነፃነት መከራከር ተገቢ ነው። እኛም በዚህ ሰነድ በየክፍሉ አቋማችንን አስቀምጠናል። ይህ ክፍል ግን በገዢው ፓርቲ ሪፖርት ውስጥ ስሙ የማይነሣውን፣ በየዕለቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን በእያንዳንዱ ሠራተኛ ሆድ ውስጥ የሚነሣውን ጥያቄ ይመለከታል። ምሳ የት ይበላል? በስንት ይበላል? የሚበላውስ ምንድን ነው?

ውጭ መብላት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ይህ የከተማን ኑሮ ካለማወቅ የሚመጣ አነጋገር ነው። ከአያት፣ ከጀሞ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ መሐል ከተማ የሚሠራ ሰው ለምሳ ወደ ቤቱ አይመለስም። የቀን ሠራተኛው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የሱቅ ሠራተኛዋ፣ ማድቤት በሌለው አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ የምትኖረው ወጣት ከምግብ ቤት ውጭ ምርጫ የላቸውም። ለእነዚህ ዜጎች ምግብ ቤት መዝናኛ አይደለም፤ ማድቤታቸው ነው።

1. ትሪው የሚናገረው

ሪፖርት ሊዋሽ ይችላል፤ ትሪ ግን አይዋሽም። ድሮ በያይነት ያዘዘ ሰው እንጀራ ሲያልቅበት ሳይጠይቅ ይጨመርለት ነበር። ዛሬ ተጨማሪ እንጀራ ለብቻው ይታሰባል። እንጀራው ሳስቷል፣ ጠቧል፤ ዳቦው ቀሏል፤ ወጡ ቀጥኗል። ዋጋው ሲጨምር መጠኑ ይቀንሳል፤ ተመጋቢው ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። ሥጋ ለብዙው ሠራተኛ የበዓል ምግብ ሆኗል። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ የሚበላው ሰው ሁሉ ጾመኛ ሆኖ አይደለም፤ ኪሱ ስላስጾመው ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ተግባራዊ በሆነው የደመወዝ ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። አንድ ምሳ በ150 ብር ብቻ ይገኛል ብንል እንኳ፣ በወር 22 የሥራ ቀን 3,300 ብር ይሆናል። ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ፣ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርትና የልጆች ወጪ ሳይነሣ፣ ቁርስና እራት ሳይታሰብ ከደመወዙ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በምሳ ብቻ አለቀ። አንባቢ ሆይ፣ ቁጥራችንን አትመኑ፤ እናንተ በምትበሉበት ቤት ያለውን ዋጋ በ22 አባዙትና ራሳችሁ ፍረዱ።

በትላልቅ ሆቴሎች ጓሮ ደግሞ ትርፍራፊው ተሰብስቦ «ቡሌ» በሚል ስም ለድሃ ይሸጣል። አገሪቱ አደገች የሚል ሁሉ መጀመሪያ ለዚህ መልስ ይስጥ።

2. ጥፋተኛው ማን ነው?

ገዢው ፓርቲ ዋጋ ሲንር ጣቱን የሚቀስረው በነጋዴው ላይ ነው። «ስግብግብ ነጋዴ» የሚለው ቃል ሹማምንት ሁሉ በቃላቸው የያዙት ነው። እኛ ግን ሁለት ምጣድና አራት ጠረጴዛ ይዛ ቤተሰብ የምታስተዳድረውን የእናት ጓዳ ባለቤት ጠላት አድርገን አናይም። እሷም እንደ ተመጋቢው ተጠቂ ነች።

ጤፉ ከገበሬው ማሳ ተነሥቶ ምጣድ ላይ እስኪወጣ ስንት ኬላና ስንት ደላላ ያልፋል? በ2015 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ጤፍ በየመንገዱ ሲታገድ የኩንታሉ ዋጋ 10 ሺህ ብር መድረሱን የምንረሳው አይደለም። በአንድ አገር ውስጥ እህል እንደ ኮንትሮባንድ የሚፈተሽበት አሠራር የፈጠረው ማን ነው? ነጋዴው አይደለም።

ዘይቱ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። በዚህ ላይ የቤት ኪራዩን፣ ከሰሉን፣ በግምት የሚጣለውን ግብር ጨምሩበት። ሰንሰለቱ ይህ ነው፤ የመጨረሻው ቀለበት የእናንተ ትሪ ነው።

ይህም ሳይበቃ ርካሽ ምግብ የሚገኝባቸው ሰፈሮች ራሳቸው ፈረሱ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ስም ተነሡ። መንገድ መስፋቱን፣ መብራት መብዛቱን አንቃወምም። ነገር ግን ለዓመታት ደንበኛ ያፈራች ሴት ጥቂት ቀን ተሰጥቷት ምጣዷን ይዛ እንድትወጣ ሲደረግ የጠፋው የእሷ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ በእሷ ዘንድ ይበላ የነበረው የጫኝ አውራጁና የጥበቃው ምሳ ጭምር ነው። በቦታው የተተካው ካፌ የማኪያቶው ዋጋ ከእሷ ሽሮ የሚበልጥ ነው።

3. የጥራቱ ጉዳይ

ውድ ሆኖ ንጹሕ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። በእንጀራ ጀሶና ሳጋቱራ፣ በበርበሬ የሸክላ ዱቄት ተቀላቅሎ መገኘቱን የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ራሳቸው በተደጋጋሚ ዘግበዋል። ወንጀለኛው ተያዘ ይባላል፤ ካሜራው ከሄደ በኋላ ግን ጉዳዩ የት እንደደረሰ ሕዝብ አይነገረውም።

ንጽሕናስ ያለ ውኃ ከየት ይመጣል? ቧንቧው በፈረቃ በሚለቀቅበት ከተማ ምግብ ቤቱ ሳህን የሚያጥበው ከበርሜል እየቀዳ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት አዲስ አበባን ባስጨነቀ ጊዜ የተሰጠን ምክር እጃችሁን ታጠቡ የሚል ነበር። ምክሩ ትክክል ነው፤ ውኃው ግን የለም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በወረቀት ላይ መልካም ነው። ችግሩ ቁጥጥሩ ነው። ጠንካራ ቁጥጥር ማለት በዓል ሲቃረብ ዘመቻ ወጥቶ ማሸግ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ናሙና ወስዶ መመርመርና ውጤቱን ለሕዝብ መግለጽ ነው።

4. የገዢው ፓርቲ መልስና የእኛ ትችት

ገዢው ፓርቲ ምንም አላደረገም አንልም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተመረቀው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ በሰዓት 80 ሺህ ዳቦ ይጋግራል ተብሏል፤ የእሁድ ገበያ ተከፍቷል፤ የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት ለችግረኞች ምግብ ይሰጣሉ። የተራበን ማብላት የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ሠርቶ ደመወዝ የሚያገኝ ዜጋ ምሳውን መግዛት አቅቶት ወደ ምገባ ማዕከል የሚያይ ከሆነ፣ የማዕከላቱ መብዛት የፖሊሲው ውድቀት ማስረጃ እንጂ ማስመስከሪያ አይሆንም። ሕዝብ ሪባን ሲቆረጥ እያየ አይጠግብም። «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆን ተስፋው ወደ ትሪ መውረድ አለበት።

ሌላም እናስታውሳለን። በ2003 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው መንግሥት በሥጋ፣ በዘይት፣ በስኳርና በሌሎች ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ዕቃው ከገበያ ጠፋ፤ ሰልፉ ረዘመ፤ በወራት ውስጥ ጣሪያው በአብዛኛው ተነሣ። ስለዚህ እኛ በያይነት በዚህ ዋጋ ይሸጥ ብለን በአዋጅ አንወስንም። እንደዚያ የሚል ፓርቲ ካለ እያታለላችሁ ነው።

5. ብትመርጡን የምናደርገው

ሀ) በእህል ዝውውር ላይ የሚደረገውን ክልከላ በሕግ እናነሣለን። ጤፍ የጫነ መኪና ከማሳ እስከ እህል በረንዳ ያለ ኬላ ክፍያ ይጓዛል።

ለ) ከተወሰነ ዋጋ በታች በሚሸጥ ምግብ ላይ የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንዳይከፈል እናደርጋለን። የሠራተኛን ሽሮ ከባለሀብት ግብዣ ጋር በአንድ ዓይን የሚያይ ግብር ፍትሐዊ አይደለም።

ሐ) ዋጋ በግልጽ እንዲለጠፍ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደንግጓል። እኛ የሚለጠፈው ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን አጠቃልሎ እንዲሆን እናስገድዳለን። ደንበኛ ከበላ በኋላ መደንገጥ የለበትም።

መ) ምትክ የመሥሪያ ቦታ ሳይዘጋጅ አንድም አነስተኛ ምግብ ቤት አይፈርስም።

ሠ) በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሉ የሠራተኛ ክበቦችን እናጠናክራለን፤ ክበቦቹ እህል ከገበሬ ማኅበራት በቀጥታ እንዲገዙ እናደርጋለን።

ረ) የእያንዳንዱ ምግብ ቤት የንጽሕና ምርመራ ውጤት በበሩ ላይ ይለጠፋል። የውኃ ሥርጭትም ከጌጥ ሥራዎች በፊት በጀት ያገኛል።

ሰ) የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም በስድስት ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል አልተወሰነም። እኛ እንወስነዋለን።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚሉ መልሳችን አጭር ነው። ኬላ ማንሳት፣ ዋጋ መለጠፍ፣ የምርመራ ውጤት መግለጽ ገንዘብ ሳይሆን ፈቃደኝነት ይጠይቃሉ። ከታክሱ የሚቀረውንና ለውኃው የሚያስፈልገውን ከከተማ ማስዋቢያ በጀት እናሸጋግራለን። ይህን በግልጽ የምንናገረው ኋላ እንድትጠይቁን ነው።

ወገኖቻችን፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 የአገር አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ምግብ እንዲያገኙ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ያዛል። አቅሙ ፓርክና መብራት ለመሥራት ከፈቀደ ለሠራተኛ ምሳም መፍቀድ አለበት። በምርጫው ቀን ካርዳችሁን ይዛችሁ ስትወጡ የተነገራችሁን ሳይሆን ትናንት የበላችሁትንና የከፈላችሁትን አስቡ። ዳኛው እናንተ ናችሁ፤ ድምፃችሁ የእናንተ ነው።