ወጣቱ ኬላ ላይ ይታሰራል፤ ደላላው ያልፋል



ከአዘዞ ተነስቶ እስከ መተማ ዮሐንስ በሚዘልቀው መንገድ በየኬላው ከአውቶቡስ ወርዶ ቦርሳውን የሚፈታው ማን ነው? የእናንተ ልጅ ነው። አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ፣ ወላጆቹ በሬ ሸጠው ወይም ተበድረው ለደላላ የከፈሉለት ልጅ ነው። «ሕገ ወጥ ስደተኛ» ይባልና ጣቢያ ያድራል። ገንዘቡን የተቀበለው ደላላ ግን ያን ምሽት በከተማው ሆቴል እራቱን ይበላል። ፓርቲያችን ይህ የሕግ ማስከበር ሥራ ነው ብሎ አይቀበልም።

የጉዳዩን ሕግ እንመልከት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወርና በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። «ያለ ፓስፖርት ድንበር መሻገር ያስጠይቃል» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። እውነት ነው፣ ያስጠይቃል። ነገር ግን አዘዞ ድንበር አይደለም፤ አይከልም ድንበር አይደለም። ከጎንደር ወደ ገንዳ ውኃ የሚሄድ ዜጋ በገዛ አገሩ መንገድ ላይ ነው። ምን ሊያደርግ አስቦ ይሆናል ተብሎ ሰው አይታሰርም። ከተያዘም በአንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት።

ሥልጣኑስ የማን ነው? የኢሚግሬሽን፣ የፓስፖርት፣ የመግቢያና የመውጫ እንዲሁም የስደተኞች ጉዳይ በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 18 ለፌዴራል መንግሥት የተሰጠ ነው። የቀበሌና የወረዳ ሹም በቃል ትእዛዝ ወጣት የሚያግድበት አንቀጽ የለም። የክልሉ ፖሊስ ወንጀል ሲያይ ዝም ይበል አላልንም። በሰው የሚነግደውንና በሕገ ወጥ መንገድ የሚያሻግረውን ይያዝ ነው የምንለው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 909፣ በኋላም የተካው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ዓላማቸው ይኸው ነው። ነጋዴውን ይቀጣሉ፣ ተጎጂውን እንዲጠበቅና እንዲቋቋም ያዛሉ። በእኛ አካባቢ ግን ሕጉ ተገልብጦ ተጎጂው ይቀጣል።

ትልቁ ደላላ ምን እንደሆነ አገር ያውቃል። በሊቢያ መጋዘኖች ስደተኞችን በማሰቃየት ስሙ የገነነው ኪዳኔ ዘካርያስ በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተያዘው ከግፉ የተረፈ ሰው መንገድ ላይ አይቶ ስላወቀው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ለችሎት ከቀረበበት ፍርድ ቤት አምልጦ ወጣ። ዳግመኛ የተያዘው በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ነው። ምስኪኑን ወጣት በኬላ ጠብቆ የሚይዝ መንግሥት ይህን ሰው በችሎት ደጃፍ መጠበቅ አልቻለም።

«የምናግዳቸው ለራሳቸው ደኅንነት ነው» ይሉናል። ስጋቱ እውነት ነው፤ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የታረዱትን ወንድሞቻችንን አልረሳንም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም ከመተማ ማዶ ያለችው ሱዳን በጦርነት ነድዳለች። ይሁን እንጂ እገዳ ሰው አያድንም። በ2006 ዓ.ም. ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ መሄድ ሲታገድና ከ160,000 በላይ ዜጎቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲባረሩ፣ ስደቱ ቆሟል? አልቆመም። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ሲቆይ ሕጋዊው በር ተዘጋ፣ የደላላው በር ሰፋ። ዛሬም በ2,000 ብር ይወጣ የነበረው መደበኛ ፓስፖርት በ2024 እ.ኤ.አ. 5,000 ብር ገብቷል። ሕጋዊውን መንገድ እያስወደዱ ሕገ ወጡን መርገም ፌዝ ነው።

ይህ ፍርድ ለእንግዳውም ይሠራል። በዳባት አለምዋጭ የተጠለሉት ኤርትራውያንና በመተማ በኩል የገቡት ሱዳናውያን በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ጥበቃ አላቸው፤ ሕይወታቸው ወደሚሰጋበት አገር መመለስ ክልክል ነው። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. በአውላላ መጠለያ የነበሩ ብዙ ሱዳናውያን ዝርፊያና እገታ አማሯቸው መጠለያውን ጥለው ወጥተዋል። በዚያው መንገድ የራሳችን ሾፌርና ነጋዴም ይታገታል። ኃይሉ ወረቀት መርማሪ ሆኖ ሲውል መንገዱን የሚጠብቅ ጠፋ።

ስለዚህ ከመረጣችሁን፦

ሀ/ በአገር ውስጥ መንገድ ማንም በጉዞው ብቻ እንዳይታሰር፣ በኬላ የተያዘ ሰው ሁሉ ስሙና የተያዘበት ምክንያት እንዲመዘገብ፣ በ48 ሰዓትም ችሎት እንዲቀርብ እናደርጋለን።

ለ/ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ከሾፌሩ አልፈው ገንዘብ ተቀባዩን እንዲመረምሩ፣ ስንት ደላላ እንደተከሰሰና እንደተፈረደበት በየስድስት ወሩ ለምክር ቤት በይፋ እንዲያቀርቡ እናስገድዳለን።

ሐ/ ከደላላ የሚወረሰው ሀብት ለተመላሾች መቋቋሚያና ለተዘረፉ ቤተሰቦች ካሣ እንዲውል እንታገላለን።

መ/ የፓስፖርት ክፍያ እንዲቀንስ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንከራከራለን።

እነዚህ ብቻቸውን ሥራ አይፈጥሩም፤ የሥራውን ጉዳይ በዚህ ማኒፌስቶ ሌላ ምዕራፍ ይዘንላችኋል። ነገር ግን ልጅን ሥራ የነሳ መንግሥት ሥራ ፍለጋ ወጣህ ብሎ ሊያስረው አይገባም። ለልጃችሁ ቆማችሁ፣ ለሕግ የበላይነት ድምፃችሁን ስጡ!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ