ሽምግልናው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ይቀመጥ



በየዓመቱ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 ደረታችን ላይ ነጭ ሪባን እንሰካለን። አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን «በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ለማስቆም ምን ይደረግ?» ተብለን እንጠየቃለን። አንዱ «ግንዛቤ ይፈጠር» ይላል፤ ሌላው «ሕጉ ይጥበቅ» ይላል፤ ሻይ ጠጥተን እንበተናለን። እኔም እንዲህ ካሉ ስብሰባዎች ዝም ብዬ የወጣሁባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። ያኔ ያልተናገርኩትን ዛሬ ልጽፈው።

በጅግጅጋና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች በአዋላጅ ነርስነት ሠርቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ልጇን ደግፋ አመጣችልኝ። ልጅቷ ተደፍራ ነበር። መቼ እንደሆነ ስጠይቅ እናትየዋ በጣቶቿ ቆጠረች፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን። «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አልኳት። «ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር፣ ኤዶ። ትናንት አለቀ» አለችኝ።

በእርግጥም አልቆ ነበር። የልጅቷና የደፋሪው ጎሳዎች ታርቀዋል፤ ካሳው ተቆርጧል፤ ፋታሃ ተቀርቷል። ለልጅቷ ግን ካለቀ ቆይቷል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለውም ከአምስት ቀን አያልፍም። ለፍርድ ቤት የሚሆነው የሕክምና ማስረጃም በየሰዓቱ እየጠፋ የሚሄድ ነው። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በካሳው ግመል ቁጥር ሲከራከሩ ይህን ሰዓት የቆጠረ አንድም ሰው አልነበረም።

ሽማግሌዎችን ልሰድብ አልተነሳሁም። ሔር የምንለው የጎሳዎች ልማዳዊ ሕግ ባይኖር ስንት ደም ይፈስ እንደነበር የሶማሌ ምድር ሰው ያውቃል። አንዱ ወጣት ባጠፋው ጥፋት ሁለት ጎሳ ጠመንጃ ሲያነሳ ከመሃል ገብቶ ያስቆመው ፖሊስ ሳይሆን ኦዳይ፣ ማለትም የጎሳ ሽማግሌ ነው። የሺኒሌና የአካባቢዋ ኢሳዎች 44 ሽማግሌዎች ደነገጉት የሚሉት ሔር ኢሴም ኅዳር 2017 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ደስ ብሎኛል። ግን ቅርስ ካልን ስለ ልጃገረዷ ምን እንደሚል መጠየቅም የእኛው የባለቤቶቹ ሥራ ነው።

በጎሳዎቻችን ልማድ ለወንድ ነፍስ 100፣ ለሴት ነፍስ 50 ግመል ይቆረጣል። በመድፈር ጊዜ ደግሞ ካሳው ለአባትና ለወንድሞች ይሄዳል፤ አንዳንዴም «ክብሯ እንዳይነካ» ተብሎ ደፋሪው ራሱ እንዲያገባት ይፈረድለታል። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ የለችም፤ እናቷም የለችም። ያለ እነሱ የተዘጋ ጉዳይ ለማን ነው የተዘጋው?

የአገሪቱ ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለሃይማኖትና ለባህል ዳኝነት የተወው የግልና የቤተሰብ ክርክርን ነው፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። መድፈር የቤተሰብ ክርክር አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀልም ስላልሆነ ቤተሰብ «ታርቀናል» ስላለ ፋይሉ መዘጋት የለበትም። አንቀጽ 587 ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ማግባቱ ከተጠያቂነት አያድነውም ይላል። የ1949ኙ ሕግ ይተወው የነበረውን ወንጀል አዲሱ ሕግ አልተወውም። ሕጉ የሰረዘውን እኛ ምንጣፍ ላይ እናድሰዋለን።

«ታዲያ ሰው ለምን ፖሊስ ጋ አይሄድም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ያማል። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ጄል ኦጋዴን የሚባል እስር ቤት ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች ሰኔ 2010 ባወጣው ዘገባ እዚያ ሴት እስረኞች በጠባቂዎች ይደፈሩ እንደነበር፣ ክፍላቸው ውስጥ የወለዱም እንደነበሩ ተጽፏል። እስር ቤቱ ተዘግቷል። ትዝታው ግን አልተዘጋም። መለዮ የለበሰ ሰው ሲያይ ልቡ የሚደነግጥ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ወደ ጣቢያ እንዲሄድ በባነር ብቻ አይታዘዝም።

ዝምታው በቁጥርም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገር ደረጃ ካገቡ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። በሶማሌ ክልል የተናገሩት 9 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከሁሉም ክልሎች ዝቅተኛው። በዚህ ቁጥር የሚኮሩ ሰዎች ሰምቻለሁ። እኔ በማዋለጃ ክፍል ያየሁት ጀርባና ክንድ ግን ሌላ ነገር ይነግረኛል። በዚያው ጥናት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ለማንም አልተናገሩም፣ እርዳታም አልጠየቁም።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው፤ አዲስ ሕግም አዲስ በጀትም አይጠይቅም። ሔር የጎሳዎች ስምምነት ነው። በስምምነት የጸና በስምምነት ይሻሻላል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ከድንበሩ ማዶ፣ በሶማሌላንድ ቶግዴር፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለ ደም በቀልና ስለ መበለቶች መብት የቆየውን ልማድ ለማሻሻል ተስማምተዋል። የእኛዎቹም በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በሺኒሌ ሦስት ነገር ተስማምተው በአደባባይና በሬዲዮ ይንገሩን።

አንደኛ፣ መድፈር ሲሰማ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የጤና ጣቢያው ይሁኑ። ወሬው ቀድሞ የደረሰው ሽማግሌ መጀመሪያ የሚሰጠው ትእዛዝ «ልጅቷን አድርሷት» የሚል ይሁን። ምንጣፉ ከዚያ በኋላ ይነጠፍ።

ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ጎሳን ከጎሳ ያስታርቅ እንጂ ወንጀለኛን ከፍርድ አያስጥል። ካሳም ካለ የልጅቷ ነው። ልጅቷን ለደፋሪዋ መዳር ደግሞ ነውር ተብሎ ይታወጅ። ዐቃቤ ሕጉም በበኩሉ የዕርቅ ወረቀት ተቀብሎ ፋይል መዝጋቱን ያቁም።

ሦስተኛ፣ በዚህ ጉዳይ በሚቀመጥ ሸንጎ ሴቶች አብረው ይቀመጡ። ሻይ አፍልቶ ለማቅረብ ሳይሆን ለመናገር።

ይህን ለአንድ ለማውቃቸው ሽማግሌ አጫውቼ ነበር። «አዴር፣ ግመል ሲሰረቅ ካሳውን የሚቀበለው ማን ነው?» አልኳቸው። «ባለግመሉ ነዋ» አሉ። «ልጅቷስ ስትጎዳ?» አልኳቸው። በትራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ቆዩና «ይህን ከእኛ ከአንዱ ሳልሰማው አረጀሁ» አሉኝ። ቅሬታ አልመሰለኝም። ጥያቄውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ፖሊሱም ፍርድ ቤቱም ብዙ እንደሚጎድላቸው አልክድም። ነገር ግን ጎሳ የሚሰማው ቃል በእነዚህ ሽማግሌዎች እጅ ነው። የ72 ሰዓቱ መድኃኒት መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። ያቺ እናት በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስትመጣም እዚያው ነበር።

ስሜን ያልጻፍኩት ልጅቷ እንዳትታወቅ ነው።

አዋላጅ ነርስ፣ ከጅግጅጋ