ጌጃ ሰፈር፦ ከሜትሩ በፊት መዝገቡ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፈር በዝርዝር የሚመዘገበው ሊፈርስ ሲል ነው። እስከዚያ ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ቀኑ ሲቀርብ ግን ሜትር የያዙ ሠራተኞች ይመጣሉ። የቤት ቁጥር ይጻፋል፣ ግድግዳ ይለካል፣ ካርታና የኪራይ ደብተር ይጠየቃል። ተለክቶ ሲያበቃ ፋይሉ ውስጥ ካሬ ሜትር አለ፤ ሰፈሩ ግን የለም። ይህ አሠራር ግፍ ነው። ለምን ግፍ እንደሆነ ለመረዳት ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለችውን ጌጃ ሰፈርን ማየት ይበቃል።

ጌጃ ሰፈር የከተማዋ ዳር አይደለችም። ሜክሲኮ፣ ሠንጋ ተራ፣ አብነትና ልደታ ማርያም በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤቶቿ ናቸው። ባልቻ ሆስፒታል፣ ልደታ ፍርድ ቤት፣ ተግባረ ዕድ ሁሉም በዚያው አካባቢ ናቸው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡሩ በሜክሲኮና በልደታ ያልፋል። ጌጃ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ስሟን ከሰፈሯ ወስዳለች። ወደ መርካቶ ለመሄድም ጠንካራ እግር ላለው ታክሲ አያስፈልግም። በሠንጋ ተራ በኩል ቀና ብሎ ለሚያይ ደግሞ የባንኮቹ ፎቆች ተደርድረው ይታያሉ። ስሙ የከብት ገበያ የሚያስታውሰው ሠንጋ ተራ ዛሬ የገንዘብ መንደር ሆኗል።

የዚህ አቀማመጥ ዋጋ ለባለሀብቱ በካሬ ሜትር ይሰላል። ለነዋሪው የዕለት እንጀራው ነው። መርካቶ ሸክም የሚሠራ ሰው ሳንቲም ሳያወጣ ሥራው ቦታ ይደርሳል። ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ እናት ልጇን ጎረቤት ጋ ትታ ትወጣለች። እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ ሴት ደንበኞቿ ተጠርተው የሚሰሙ ናቸው። ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ የሚጽፈው፣ ሆስፒታል በር ላይ ሻይ የምታፈላው፣ ሁሉም የሚኖሩት በቅርበት ነው። ቤታቸው ጠባብ ነው። ከቤት እስከ ገበያ ያለው መንገድ ግን የኑሯቸው ግማሽ ነው። ያንን ግማሽ የሚለካ ሜትር እስካሁን አልተሠራም።

እድሩስ? እድር መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው። ሃያና ሠላሳ ዓመት በየወሩ የከፈለ ሰው ያጠራቀመው ሞቱ በደረሰ ጊዜ የሚቆምለትን ሰው ነው። ነዋሪው በዕጣ በአራት አቅጣጫ ሲበተን ድንኳኑ ከማን ጋር ይሄዳል? ሌሊት ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በየትኛው አውቶቡስ ይሳፈራል? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚል ሕዝብ ጎረቤቱን ሲያጣ ምን እንዳጣ ለማስረዳት ጥናት አያስፈልገውም።

የሚገርመው ሕጉ ይህን ያውቃል። የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከንብረት ካሳ አልፎ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንዳለ ይደነግጋል። ሕግ አውጪው ጎረቤት ማጣት ጉዳት መሆኑን ተቀብሏል ማለት ነው። ታዲያ ምን እንደተቋረጠ ሳይጻፍ የሚከፈል ካሳ የምን ካሳ ነው? ለተሰበረ ግድግዳ ባለሙያ ይላካል፤ ለተበተነ እድር ግን የሚላክ የለም። ያልተመዘገበ ነገር ሲጠፋ ደግሞ ጠፋ የሚል ማስረጃ አይገኝም።

«የጭቃ ቤትና የጋራ ሽንት ቤት ምኑ ይናፍቃል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግድግዳው የዘመመ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ትውልድ የሚያድርበት ቤት የሚያስመሰግን አይደለም። የድሃን ኑሮ ከሩቅ ሆኖ ማሞገስም ነውር ነው። ግን ቤቱ የማን ነው? አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። የቀበሌ ቤት አከራዩ መንግሥት ነው። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ልጠግን ቢል እንኳ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። አከራይ ሃምሳ ዓመት ሳይጠግን ኖሮ በመጨረሻ «ቤቱ አርጅቷል፤ ልቀቁ» ሲል የእርጅናው ተጠያቂ ተከራዩ ሊሆን አይችልም። ሰፈሩ ይታደስ ማለት ትክክል ነው። ሰፈሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ይታደስ ማለት ግን በሽተኛውን ሳይመረምሩ ቢላ ማንሳት ነው።

የሰፈር መገለጫ መጻፍ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በጃቫ ደሴት ያለ የሩዝ ገበሬ መንደር መገለጫ አለው። ስንት አባወራ እንዳለ፣ በምን እንደሚተዳደር፣ መሬቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ የትኞቹ ማኅበራት እንደሚሠሩ፣ በዙሪያው የትኞቹ መንደሮች እንዳሉ ይጻፋል። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ለዚህ በ2007 እ.ኤ.አ. መመሪያ አውጥቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንደሮች ሕግ ደግሞ ከማዕከላዊ በጀት ለመንደሮች ገንዘብ መድቧል። መገለጫ መኖሩ ብቻውን ድሃን አያበላም። ነገር ግን የተጻፈ መንደር ሊከራከር ይችላል፤ «ይህ ነበረኝ» ብሎ ወረቀት ያሳያል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓ.ም. አቆጣጠር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች አሥራ አምስት የኢትዮጵያ ገጠር ማኅበረሰቦችን አንድ በአንድ ጽፈዋል። የጎጃሟ የትመን፣ የሰሜን ሸዋዋ ድንኪ፣ የወሎዋ ሹምሸሃ ከእርሻ ወቅታቸው እስከ ሠርግና ለቅሷቸው ተመዝግበዋል። ስለዚህ ችሎታው በአገር ውስጥ አለ። ከአራት ኪሎ ብዙም የማትርቀው ጌጃ ሰፈር እንደ የትመን በሥርዓት ብትጻፍ ምን ይከለክላል?

ከተማዋማ በአሮጌ ቁጥር ነው የምትመራው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ተራዝሞ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተራዘመ። በዚያ የቆጠራ ዓመት የተወለደ ልጅ መታወቂያ የሚያወጣበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። በእነዚህ ዓመታት ከተማዋ ፈርሳ እየተሠራች ነው። ልደታ ራሷ ይህን ቀድማ ቀምሳለች፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞ መንደሮቿ ፈርሰው ኮንዶሚኒየምና ሕንፃ ተተክቶባቸዋል። በ20/80 ቅድሚያ የተከፈለው ሃያ በመቶ የከበደው ሰው ቤቱን ከማጣቱ ሌላ ሰፈሩንም አጣ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተራቸው ደረሰ። የካዛንቺስ ሰው ገላን ጉራ ሲገባ ስንት እድር እንደተዘጋ፣ ስንት ጉሊት እንደቀረ፣ ስንት ልጅ ትምህርት ቤት እንደቀየረ በአንድ ገጽ ሰብስቦ ለነዋሪው ያሳየ ማነው?

መፍትሔው ውድ አይደለም። ወረዳው ሠራተኛ አለው። እድሮቹ መዝገብ አላቸው፤ ማን የት እንደሚኖር፣ የትኛዋ እናት ጧሪ እንደሌላት ከማንም መሥሪያ ቤት በተሻለ ያውቃሉ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የጌጃ ሰፈርን መገለጫ ይጻፉ። ስንት ቤተሰብ በደባልነት እንደሚኖር ይግባበት፤ የኪራይ ደብተር የሌለው ደባል ሲፈርስ የመጀመሪያው ተረሺ ነውና። ማን በምን እንደሚተዳደርና ሥራው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ ይጻፍ። እድር፣ ዕቁብና የጽዋ ማኅበር ይዘርዘር። የአረጋውያንና ክትትል ያላቸው ሕሙማን ቁጥር ይታወቅ። ተጽፎ ሲያበቃ በወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ነዋሪው አንብቦ «ይህ ተሳስቷል» የሚልበት ጊዜ ይሰጠው።

ይህ ሁሉ መሆን ያለበት ቀይ ቀለም ግድግዳ ላይ ከመቀባቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ነገር የቀብር ሥነ ሥርዓት ወረቀት ነው። ሰፈሩ ይታደስ ቢባል መገለጫው ለአዲሱ ፕላን መነሻ ይሆናል፤ ነዋሪው እዚያው ይመለስ ወይስ ይነሳ የሚለው ውሳኔም በእውቀት ይሆናል። መነሳት ግድ ከሆነ ደግሞ አንድ እድር አብሮ እንዲነሳ፣ በአንድ ብሎክ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። ይህ የሚጠይቀው የዕጣ አወጣጥን መቀየር ብቻ ነው።

ለክፍለ ከተማው ስሙን የሰጠችው ልደታ በግንቦት 1 የምትከበረው ጎረቤት ደጅ ወጥቶ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ አብሮ በልቶ ነው። በዚያ ስም የሚጠራ አስተዳደር ንፍሮውን አብረው የሚበሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር ቢጠየቅ ባዶ ወረቀት ማውጣት አይገባውም።