ለጠላት የተለቀሰ ለቅሶ

የድሮ ተማሪዎቼ አንዳንዴ በውስጥ መስመር «ከግሪክ ትራጄዲ አንድ ብቻ ምረጥልን» ትሉኛላችሁ። ኤዲፐስን ወይ አንቲጎኔን ጠብቃችሁ ይሆናል። የእኔ ምርጫ ግን የኤስኪለስ «ፋርሶች» ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስ አቴንስን አቃጠለ፤ ወዲያው ግን ሳላሚስ ላይ መርከቦቹ ተሰባበሩ። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ472፣ ኤስኪለስ ይህንኑ መድረክ ላይ አወጣው። ሰውዬው ማራቶን ላይ ራሱ ተዋግቷል፤ ወንድሙም እዚያው ሞቶበታል። ቂም ለመያዝ ከእሱ በላይ ምክንያት ያለው ማን አለ?

ታዲያ ምን ጻፈ? ተመልካቹን ይዞ የጠላት ቤተ መንግሥት፣ ሱሳ ገባ። እዚያ ልጇን የምትጠብቅ ንግሥት አለች፤ የተጨነቁ ሽማግሌዎች አሉ። መልእክተኛ መጥቶ የሞቱትን የፋርስ አለቆች በየስማቸው ይቆጥራል። ከግሪክ በኩል ግን የአንድም ጀግና ስም አይነሳም!

«ይሄ እኮ በጠላት መሳለቅ ነው» የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እውነት ነው፣ የአቴንስን ሰው ደረት የሚያስነፋ ቦታ አለው፤ ንግሥቲቱ ጌታቸው ማን እንደሆነ ስትጠይቅ የማንም ባሪያ እንዳልሆኑ ይነገራታል። ግን ሊሳለቅ የፈለገ ሰው የጠላቱን እናት እንዲህ አድርጎ አይስላትም። ያን ሁሉ ሠራዊት ያስጨረሰ ልጇ ልብሱ ተቀዳዶ እየመጣ መሆኑን ስትሰማ፣ ከሁሉ በላይ የሚከነክናት የልብሱ ነገር ነው። ደህና ልብስ ልታመጣለት ወደ ቤት ትገባለች። አንዳንዱ በዚህ ይስቃል። እናት ናት በቃ!

መጨረሻው ሙሾ ነው። ዜርክሲስ ያወርዳል፣ ሽማግሌዎቹ ይቀበሉታል። ከተማቸው የተቃጠለባቸው አቴናውያን ይህን ቁጭ ብለው ሰሙ፤ አንደኛ ሽልማቱንም ለኤስኪለስ ሰጡት።

ጦርነት ያለፈበት ሰው ሁሉ የራሱን ሙሾ ያውቃል። የዚያኛውን ወገን ሙሾ እስከ መጨረሻው መስማት ግን ሌላ አቅም ይጠይቃል። ኤስኪለስ ዜርክሲስን ከጥፋቱ ነጻ አላወጣውም፤ የገዛ አባቱ የዳርዮስ መንፈስ ከመቃብር ተነስቶ ትዕቢቱን ይወቅሳል። ጥፋቱን ሳይሸፍኑ ለሟቹ ማዘን ይቻላል ማለት ነው። እኛስ እንችላለን ወይ?

አጭር ነው፣ ባንድ ቁጭታ ያልቃል። እስቲ አንብቡትና እናውራበት።