የወረዳው ወንበር የማን ነው?



«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ሰምተንም ስቀን አልፈናል። እስቲ አሁን ቆም ብላችሁ አስቡት። ይህን ተረት የሚተርት ሕዝብ ሹመኛውን የሚወቅሰው በመብላቱ ሳይሆን ባለመብላቱ ነው። ተሹሞ የአክስቱን ልጅ ያላስቀጠረ፣ የሰፈሩን ጎረምሳ በጥበቃነት እንኳ ያላስገባ ሰው ከወንበሩ ሲወርድ «ኧረ እሱ! ለማን ጠቀመ?» ይባላል። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ስለሚፈጸመው የቅጥር አድልዎ ስናማርር ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ኃላፊው ነው። ያን ኃላፊ ማታ ማታ ቤቱ እየሄደ «ልጄን አደራ» የሚለውስ ማን ነው?

ሕግ የለንም የሚል ካለ ተሳስቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በዘር፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትም ልዩነት እንደማይደረግባቸው ደንግጓል። አንቀጽ 41 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ በየትኛውም ቦታ ሠርቶ የማደር መብት እንዳለው ይናገራል። ከዚያም በፊት ቢሆን ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ አድልዎን የሚከለክለውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 እ.ኤ.አ. በ1966 አጽድቃለች። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ይህንኑ መርህ ወደ ቅጥር አወረደው፤ ክፍት የሥራ መደብ የሚሞላው ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ በውድድር ብልጫ ባገኘ ሰው ነው አለ። አዋጁ በ2010 ዓ.ም. በቁጥር 1064 ቢተካም መርሁ አብሮ አልተሻረም። ክልሎች በየበኩላቸው ያወጧቸው የሠራተኛ አዋጆችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ታዲያ ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ በደሉ በየት ገባ?

በማስታወቂያ ሰሌዳው ገባ። ማስታወቂያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይለጠፋል፤ ሰኞና ማክሰኞ ይመዘገባል፤ ረቡዕ ይነሣል። ከገጠር ቀበሌ ሁለት ሰዓት በእግር የሚመጣው ልጅ ሲደርስ የሚያገኘው የሙጫውን ምልክት ነው። ካስተማርኳቸው ተማሪዎች አንዷ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ከተነሣ በኋላ ደርሳ፣ ሠራተኛውን ስትጠይቀው «አየር ላይ ውሎ ነበር» ብሎ መለሰላት። አየር ላይስ ውሏል! ሁለተኛው መግቢያ «ጊዜያዊ» የሚባለው ቅጥር ነው። ያለ ውድድር ለሦስት ወር የገባው ሰው ይታደስለታል፣ እንደገና ይታደስለታል፤ በመጨረሻም መደቡ ለውድድር ሲወጣ መሥፈርቱ «በዚሁ ሥራ ልምድ ያለው» ይሆናል። እንዲህ ያለው መሥፈርት ልብስ ሰፊ እንደሚለካው በአንድ ሰው ቁመት ተለክቶ የተሰፋ ነው። ሦስተኛው ቃለ መጠይቁ ነው። የጽሑፍ ፈተናው ወረቀት ስላለው ነገ ቢጠየቁበት ማስረጃ ይሆናል፤ ቃል ግን ነፋስ ነው። ስለዚህ በጽሑፍ አንደኛ የወጣው በቃል «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» ተብሎ ይወድቃል። መተማመኑን በምን ሚዛን መዘኑት?

የቋንቋ ነገርም አለ። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው የአካባቢውን የሥራ ቋንቋ መቻሉ ተገቢ ነው፤ የማትግባባትን እናት ማስተናገድ አትችልም። ይሁን እንጂ ቋንቋውን አቀላጥፎ የሚናገረውን ሰው የአያቱን ስም ሰምቶ «አንተ የዚህ አይደለህም» ማለት ቋንቋን መፈተን ሳይሆን ደምን መፈተን ነው።

በዚህ መካከል ከሁሉ አብዝቶ የሚጎዳው አካል ጉዳተኛ ወገናችን ይመስለኛል። አዋጅ ቁጥር 568 በ2000 ዓ.ም. ስለ እነርሱ የሥራ ስምሪት መብት ሲወጣ አንድ ትልቅ ነገር ይዞ ነበር፤ አካል ጉዳተኛው ተበደልኩ ብሎ ሲከስ አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክም በቀጣሪው ላይ ይወድቃል። ቀጣሪው የሥራ ቦታውን ለእርሱ የማመቻቸት ግዴታም አለበት። ይህን የሚያውቅ የወረዳ ሰው ስንት ነው? ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ፈተናው በትንንሽ ፊደል በታተመ ወረቀት፤ ከዚያ «አመልካች አካል ጉዳተኛ አልቀረበም» የሚል ሪፖርት ይላካል። ወንድሜ ሆይ! ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና ሲወጡ ከአንድ ጊዜ በላይ በቦታቸው የተዉት ዐይነ ስውሩን ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን (ረ.ዐ.) አልነበረምን? ይህን ታሪክ በመድረሳ ለሕፃናት እናስተምራለን። ጽሕፈት ቤት ስንገባ ግን የዐይነ ስውሩን ማመልከቻ ከሥር እናደርገዋለን።

ስለ ሴቶችም አንድ ነገር ላንሣ። «በነጥብ ተገፍታ ገባች» የሚለው ፌዝ በየሻይ ቤቱ ይሰማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ የፈቀደው ያለፈው በደል ያስከተለውን ጉዳት ለማካካስ ነው። የ1999ኙ አዋጅ ደግሞ ቅድሚያ የሰጠው ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላገኘችው ነው፤ የወደቀችን ያለፈች አላደረገም። ፌዘኛው አንብቦት ቢሆን ኖሮ ያፍር ነበር። ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አብልታ ለፈተና የተቀመጠች ልጅ ሌሊቱን ሲያጠና ካደረው ወንድሟ ጋር በሁለት ነጥብ ብትለያይ የቱ ይበልጥ ደከመ? ደግሞስ ስለ ፍቺዋ፣ ስለ ቀለቧ አቤት ልትል የመጣች ሴት በየክፍሉ ወንድ ብቻ ተቀምጦ ስታገኝ ጉዳዩዋን ውጣ የምትመለሰው ስንት ጊዜ ነው?

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ እንደማትወዱልኝ አውቃለሁ። አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ሙስሊሙ በመንግሥት ሥራ በእኩልነት ይቀጠር የሚል ነበር። ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። የጠየቁት በር እንዲከፈት ነው። በሩን እኛ ይዘን በሌላው ላይ እንድንዘጋው አልጠየቁም። ዛሬ ግን የእኛ ሰው ኃላፊ ሲሆን «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ተራው የኛ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል። ተራ ማለት ምን ማለት ነው? ትናንት እኔን በስሜ ምክንያት ያስቀረኝ ዙልም ከሆነ፣ ዛሬ ገብረ ማርያምን በስሙ ምክንያት የሚያስቀረውስ ምን ይባላል? «ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ» እያሉ ማሳበብም አያዋጣም፤ አመዱ የሕዝብ ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አማና መሆኑን ነግረው፣ ለዚህ ደካማ ነህ ብለው መልሰዋቸዋል። አቡ ዘርን የሚያህል ወዳጅ! እኛ ደግሞ ችሎታውን ሳንጠይቅ የአጎታችንን ልጅ በመዝገብ ቤት እናስቀምጣለን፤ ፋይሉም ይጠፋል።

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ ሹመኛው ደግ ካልሆነ?» ትሉ ይሆናል። የሹመኛውን ደግነት መጠበቅ ትተን የሚታይ ነገር እንጠይቅ። የፈተናው ወረቀት ስም ሳይሆን ቁጥር ይኑረው፤ አራሚው የማንን እንደሚያርም አይወቅ። የቃለ መጠይቁ ድርሻ ትንሽ ይሁን፣ ጥያቄውም ለሁሉም አንድ ሆኖ አስቀድሞ ይጻፍ። የአመልካች ዘመድ የሆነ የኮሚቴ አባል ዘምድናውን ተናግሮ ይነሣ። ስንት አመለከቱ፣ ከእነዚህ ስንቱ ሴት፣ ስንቱ አካል ጉዳተኛ፣ ስንቱ ተቀጠረ የሚለው በየመንፈቁ ለምክር ቤቱ ይቅረብ። ውጤቱ ደግሞ ከነነጥቡ ማስታወቂያው በተለጠፈበት በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ወረቀቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የቀረው ቅሬታው የሚሰማበት ቦታ ነው። በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ቅሬታ ሰሚው ከቀጣሪው ጋር በአንድ ኮሪደር የሚውል፣ የዓመት ሥራ አፈጻጸሙም በዚያው ኃላፊ የሚሞላለት ባልደረባ ነው። የተበደለው ልጅ ማመልከቻውን ይዞ የሚያንኳኳው ያንኑ በር ከሆነ፣ የወረዳ ምክር ቤት አባል አድርጋችሁ የመረጣችሁት ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይህን ያንሣ። ካላነሣ ደግሞ ለምን እንዳላነሣ ሂዱና ጠይቁት።